የደም ባንኩ መዝገብ የተቆለፈ ዕለት

መጀመሪያ ያየሁት እጆቿን ነው። አንድ መስመር ትጽፍና ሁለቱንም እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ ብድግ ታደርጋለች። የጋለ ድስት ነክታ እንደ ደነገጠች ሴት ጣቶቿ አየር ላይ ተዘርግተው ይቆያሉ። ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የጻፈችውን ታነባለች፤ ከመጨረሻው ቃል ጀምራ ወደ መጀመሪያው። አንብባ ስትጨርስ አንዲት ጣት ብቻ ወርዳ የኢንተርን ቁልፍ ትጫናለች። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስቀመጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚፈራው ሰው ግን አላየሁም ነበር።

ደም ባንኩ የቀጠረኝ ለሦስት ወር ነው። ደም ለጋሾች የሚሞሉትን ቅጽ እየተቀበልኩ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ ጎን ነበር። ክፍላችን ቀድሞ መጋዘን ነበር አሉ፤ ያለው አንድ መስኮት የሚያየው ወደ ኮሪደሩ ነው። ጥግ ላይ፣ በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል። የለጋሾቹ መዝገብ፣ የአሥራ ስምንት ሺህ ሰው ስም፣ ስልክ፣ የደም ዓይነትና የምርመራ ውጤት፣ ያለው እሱ ውስጥ ነው። እሷ ከእሱ ጋር የምትነጋገረው በአንድ ጥቁር መስኮት ነው፤ ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ምልክት የለው፣ ነጭ ፊደል ብቻ። ትእዛዝ ትጽፍለታለች፣ ይመልስላታል። ደስ ሲለው አንድም ቃል አይመልስም። "ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው፤ የሚያስፈራው ሲያወራ ነው" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ሹፌሮቹ "ቀስ በቀስ" ይሏታል። በር ላይ ሲያገኟት፣ "እንቁላሉ መቼ ነው በእግሩ የሚሄደው?" ይሏታል። "አንተ ስትነዳ እንዳይሰበር ብዬ ነው የያዝኩት" ትላለች ሳትስቅ። እኔ እትዬ እላታለሁ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል።

እናቷ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። እሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ደም ባንኩ ላቦራቶሪ ውስጥ የመስታወት ቱቦ ለማጠብ ገባች። ሰርቨሩን የተከሉት ሰው፣ ሁሉም ሰው ጋሼ የሚላቸው፣ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ሲገቡ ቱቦዎቹ በቁጥራቸው ተራ ተደርድረው አገኙ። ማን አዘዘሽ ቢሏት ማንም አለች። በሳምንቱ ወንበር አምጥተው አጠገባቸው አስቀመጧት። "ይህ መስኮት አይቀልድም። የጻፍሽለትን ያደርጋል፤ ያሰብሽውን አይደለም" አሏት። ማታ ማታ ሁለት ዓመት ተማረች፤ ቀን ቀን ግን ትምህርቷ እሳቸው ነበሩ።

ወደ ኋላ ለምን እንደምታነብ የጠየቅኳት በሁለተኛው ሳምንት ነው።

"ወደ ፊት ሳነብ ያሰብኩትን ነው የማነበው። ወደ ኋላ ሳነብ የጻፍኩትን" አለች። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ግጥም ስማር ማንም አልነገረኝም ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ የሚከተለውን ነገረችኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለት ጥቁር መስኮት ከፍታ ትሠራ ነበር፤ አንዱ የመለማመጃው፣ ሌላው የእውነተኛው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የልምምዱን ሰንጠረዥ ልታጠፋ አንድ መስመር ጻፈች፣ ተጫነች። መስኮቱ ዝም አለ። የተጫነችው በእውነተኛው ላይ ነበር። ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ የገቡ የሦስት ሳምንት ለጋሾች፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ጠፉ። ጋሼ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብተው "እኔ ነኝ" አሉ። የደሞዝ ቅጣቱንም፣ ስድቡንም እሳቸው ወሰዱ።

"አንቺስ?"

"እኔ ዝም አልኩ" አለች። "እስካሁን ዝም እንዳልኩ ነኝ።"

ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ የድሮዎቹ የለጋሽ ካርዶች፣ በብረት መሳቢያ የተደረደሩት፣ እንዲወገዱ የተከራከረችው እሷ ናት። ዝናብ ገብቶባቸው ሻግተው ነበር፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል አለች፣ እውነቷንም ነው። የላቦራቶሪው ሹም፣ መላጣ፣ ምላሱ እንደ መርፌው የሚወጋ ሰው፣ ያኔ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሞኝ ልባል፣ ወረቀቱ ይቆይ" ብሎ ነበር አሉ። የሰማው የለም። ካርዶቹ በጭነት መኪና ሄዱ።

ጋሼ ከስምንት ወር በፊት ጡረታ ወጡ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ስትሮክ መታቸው።

ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የላቦራቶሪው ሹም አንድ ወረቀት ይዞ ገባ።

"ኦ ኔጌቲቭ። የለጋሾቹን ዝርዝር አውጪልኝ፣ ቶሎ።"

"ምን ተፈጠረ?"

"ማዶ ሆስፒታል አንዲት ወላድ አለች። እንግዴ ልጁ ከፊት ቀድሟል፣ እየደማች ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በላይ ማቆየት አንችልም፣ ያለ ተጨማሪ ሁለት ከረጢት ደምም ቢላ አናነሳም ብለዋል። ፍሪጅ ውስጥ የነበረችን አንዷን ልኬያለሁ።"

"ፖዘቲቭ ለጊዜው..."

"በፊተኛው እርግዝናዋ ሰውነቷ ፖዘቲቭን እንደ ጠላት መዝግቦታል። ብንሰጣት እኛው እንገድላታለን። ሌላው ደም ባንክ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ባሏ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ አሥራ አንድ ሰው መርምሬያለሁ፣ አንድም የለም። ለጋሹ እዚህ ቢደርስ እንኳ ለመቅዳትና ለመመርመር አንድ ሰዓት ተኩል እፈልጋለሁ። ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት ሰው አምጪልኝ።"

በሩ ላይ ባልየው ቆሞ ነበር። ቀለም ቀቢ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር፣ ነጭ ቀለም ደርቋል። አንድም ነገር አላለም። ኮሪደሩ ላይ ሄዶ በመስኮታችን ትይዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የመዝገቡን ፕሮግራም ከፈተች። እንደ ወትሮው ዝርዝሩ አልመጣም። አንድ መስመር መጣ፦ ፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበት የይለፍ ቃል ጊዜው አልፎበታል፣ ካልታደሰ መግባት አይቻልም።

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ።

"በዓመት አንዴ ነው የሚታደሰው" አለች ለራሷ። "ጋሼ ነበሩ የሚያድሱት። እኔ... እኔ እንደሚታደስም አላውቅም ነበር።"

እኔ የገባኝን ያህል ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ግቢ ነው፤ የግቢው ቁልፍ አላት፣ መግባት፣ መውጣት፣ ማጥፋት፣ ማስነሳት ትችላለች። መዝገቡ ግን ግቢው ውስጥ ያለ የተቆለፈ ቤት ነው፣ የቤቱም የበላይ ቁልፍ ሌላ ነው። ፕሮግራሙን የሚያድሰው ያ የበላይ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ።

ለዚህ ቀን ተብሎ በኃላፊው ካዝና ውስጥ የታሸገ ፖስታ ነበር። ኃላፊው ራሳቸው አምጥተው ሰጧትና ለሌላ ከተማ ስብሰባ መኪና እየጠበቃቸው እንደሆነ ተናግረው ወጡ፤ የካዝናው ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ሲንሿሿ ይሰማኝ ነበር። ፖስታውን ቀደደችው። የጋሼ ጽሕፈት ነው፣ ፊደሉ የቆመ፣ የጠራ። አንድ በአንድ ጻፈችው፣ እጇን አነሳች፣ ወደ ኋላ አነበበች፣ ተጫነች።

መግባት ተከልክሏል።

ደግማ ጻፈች። ተከልክሏል። ከፖስታው ግርጌ ያለውን ቀን አየነው። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ቀይረውታል፣ ፖስታውን ግን አልቀየሩም።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሚስታቸው አነሱ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እማማ፣ ስልኩን ጋሼ ጆሮ ላይ ያድርጉልኝ፣ እባክዎ። ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የዳታቤዙን የበላይ ፓስወርድ ፈልጌ ነው። ሰው ሊሞትብን ነው።"

ትንፋሽ ሰማን። ከዚያ "እሺ" አሉ፤ ድምፃቸው ደልዳላ፣ ትሁት ነበር።

"የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይንገሩኝ።"

"እሺ።"

"ጋሼ፣ ፊደል ነው? ቁጥር ነው?"

"እሺ። እሺ።"

ሚስታቸው ስልኩን መልሰው ወሰዱት። "ልጄ፣ ከታመመ ወዲህ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። ውሃ ስለው እሺ ነው፣ ልቅበርህ ብለውም እሺ ነው።" ሳቅም ለቅሶም የሆነ ድምፅ አወጡ። "አሁን ግን እያለቀሰ ነው። ምን አልሽው?"

ስልኩን ዘጋችው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንድ ቃል ጀርባ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ሰው ተቆልፎበት።

የላቦራቶሪው ሹም ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። "ስንት ሰዓት ነው ብለሽ እስክትጠይቂኝ አልጠብቅም" አለ። "አራት ሰዓት ሊሆን ነው።"

"መንገድ አለ" አለች። "ቁልፉ የጠፋበትን ቤት በሩን መንቀል ነው።"

ይህንንም ለእኔ ስትል በአጭሩ አስረዳችኝ፤ ለራሷም ጭምር ይመስለኛል። ዳታቤዙ ይቆማል። ከዚያ ማንንም ማንነት እንዳይጠይቅ ታዝዞ ይነሳል። በዚያ ሰዓት የገባ ሁሉ ጌታ ነው። እሷ ትገባለች፣ አዲስ የበላይ ቃል ትሰጠዋለች፣ ታቆመዋለች፣ እንደ ድሮው በሩን ዘግቶ እንዲነሳ ታደርገዋለች። አሥር መስመር አይሞላም። ግን በእነዚያ ደቂቃዎች መዝገቡ በር የለውም። መዝገቡ ውስጥ ደግሞ ስልክ ብቻ አይደለም ያለው፤ ማን ደሙ እንደተመለሰበት፣ በምን በሽታ እንደተመለሰበትም አለ። ጎረቤት ቢያየው ትዳር የሚፈርስበት፣ ሰው ከሥራ የሚባረርበት ነገር።

የኔትወርኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። "አንቺ በሩ ላይ ቁሚ። ማንም ሰው እንዳይገባ፣ እሱም ቢሆን" አለችኝ ሹሙን በአገጯ እያሳየች።

ዳታቤዙን አቆመችው። በሩን ከመንቀሏ በፊት ግን ሌላ ትእዛዝ ጻፈች፤ መዝገቡ በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ እንዲገለበጥ። ዲስኩ አሮጌ ነው፣ ቀርፋፋ ነው። አርባ ደቂቃ ይፈጃል አለች።

"አርባ ምን?" አለ ሹሙ ከበሩ ውጭ።

"ቅጂ ሳልይዝ አልነካውም።"

"እሷ አርባ ደቂቃ የላትም።"

"ያለ ቅጂ ተነክቶ ቢጠፋ እሷም፣ ከእሷ በኋላ የምትመጣዋም የላቸውም።"

ባልየው አግዳሚው ላይ ሆኖ ያየናል። የምንናገረው የሚሰማው አይመስለኝም፤ አፋችንን ነበር የሚያየው፤ ማን እንደሚረታ ከከንፈራችን ሊያነብ የፈለገ ይመስል።

ቅጂው ግማሽ ሲደርስ፣ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ የሹሙ ስልክ ጮኸ። አዳመጠ። "እሺ" አለ፤ ቃሉን ስሰማ ደነገጥኩ። ወደ እሷ ዞረ። "መድማቷ በርትቷል። ስምንት ሰዓት ያሉትን ትተውታል። ደሙ የደረሰ ሰዓት እንገባለን፣ ካልደረሰም እንገባለን ነው የሚሉት።"

ፊቷን አየሁት። ጥቁሩ መስኮት ላይ የተገለበጡት ፋይሎች ስም አንድ በአንድ ይወርዳል። ግማሽ። ከግማሽ ትንሽ በላይ። ያን ጊዜ ምን እንደምታስብ ለማወቅ ብዙ ሞክሬያለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ይሆኑ? እኔ ያየሁት ግራ እጇ ቀኝ እጇን ስትይዝ ብቻ ነው፤ ልጅ መንገድ ሲሻገር እንደሚያዝ።

ቅጂውን አቋረጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ እንዲነሳ ጻፈችለት፣ ተነሳ። ገባች። እውነትም ማንም ማን ነሽ አላላትም። አዲስ ቃል ሰጠችው፤ ስትጽፍ ፊቴን አዞርኩ። መስኮቱ ዝም አለ፣ ማለትም ተስማማ። አቆመችው። እንደ ወትሮው በሩን ዘግቶ እንዲነሳ አዘዘችው፣ እጇን አነሳች፣ ወደ ኋላ አነበበች፣ ተጫነች።

መስኮቱ አወራ።

ማስነሳት አልተቻለም። የመዝገቡን ፋይል መክፈት አልተቻለም።

ደግማ አዘዘችው። አልተቻለም። ከወንበሯ ጋር ወደ ኋላ ሸሸች፣ ወንበሩ ግድግዳውን እስኪነካ። ከንፈሯ ነጣ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሲደርስ ግን እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን የነገረኝ የለም። ሰርቨሩ እንደ ድሮው ይተነፍሳል። ኮሪደሩ ላይ ሰው ያስላል። አሥራ ስምንት ሺህ ሰው የለም።

"ምን አለ?" አለ ሹሙ።

"አልችልም አለ።"

"ምን ማለት ነው አልችልም?"

"መዝገቡን ልከፍተው አልቻልኩም ይላል።"

"ጠፋ?"

መነጽሯን አወለቀች።

ሹሙ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ፣ ይህ ነው የከፋው፣ "ካርዶቹ ቢሻግቱም ይነበቡ ነበር እኮ" አለ። "እኔ አንድ የማስታውሰው ጢማም ሰውዬ አለ። ኦ ኔጌቲቭ ነበር። ሲቀዳ ያንኮራፋል። ሌላ አላውቅም። ወጥቼ መንገድ ላይ ጢም ልፈልግ?"

ዞሮ ሄደ። የእውነት ሊፈልግ የሄደ መሰለኝ።

እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ፊት ጎተተች። "ፋይል ቢነካ እንኳ በአንድ ጊዜ ሁሉም አይጠፋም ይሉ ነበር ጋሼ" አለች። "የጠፋ ነገር ፋይል የለም ነው የሚለው። ይሄ የለም አላለም። አልችልም ነው ያለው።"

አንድ አጭር ትእዛዝ ጻፈች፤ ፋይሎቹን እንዲዘረዝርላት። ወረዱ። ሁሉም አሉ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት የባለቤቱ ስም አለ፤ ማን እንዲነካው እንደተፈቀደለት። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ አነበበች። አምስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ሰባተኛው ላይም።

"በስሜ አዙሬዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ቤቱን።" ሳቅ የሚመስል ነገር ደረቷ ውስጥ ተሰማኝ። "በሩን ስነቅል የገባሁት እንደ ግቢው አለቃ ነው። በዚያ ሰዓት የተነካው ሁሉ በግቢው አለቃ ስም ሆነ። አሁን ባለቤቱ፣ ዳታቤዙ፣ ሲመጣ ያንተ አይደለም ይባላል። በገዛ ቤቱ። የጀማሪ ስህተት ናት። ተማሪ ሆኜም ሠርቼ አላውቃትም።"

የፋይሎቹን ባለቤትነት ለዳታቤዙ የሚመልስ አንድ መስመር ጻፈች። ወደ ኋላ አነበበች፣ ሁለት ጊዜ። ተጫነች። ዝም አለ። እንዲነሳ አዘዘችው።

ዝም አለ።

አዲሱን ቃል ጽፋ ገባች፣ የፕሮግራሙን ጊዜው ያለፈ ቃል አደሰች፣ ገመዱን ግድግዳው ላይ መልሳ ሰካችው። ዝርዝሩ መጣ። አምስት ሰዓት ከአምስት ነበር።

ኦ ኔጌቲቭ የሆኑና ከከተማው ያልራቁ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ተካፍለን ደወልን። ሁለቱ ባለፈው ወር ለግሰዋል፣ ሦስት ወር አልሞላቸውም። አንዱ ውጭ ሄዷል። የአንዷ ስልክ ዝግ ነው። አንዱን ስደውል ሴት ልጁ አነሳችና "አባዬ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው" አለችኝ፣ ለምን እንደምፈልገውም በጨዋነት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "ይሰጥ ነበር" አለች። ከዚያ አንዲት የሒሳብ መምህርት ክፍል ውስጥ ሆና አነሳች፤ ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል። "ጥያቄ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እስኪሠሩት ደርሼ እመጣለሁ" አለች። ጢማሙም ተገኘ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ሹሙ መንገድ ላይ ቢያገኘውም ባላወቀው ነበር።

ሁለቱ ከከረጢቱ ጋር ተያይዘው ሲተኙ ቀለም ቀቢው በመስታወቱ አየ። ጢም አልባው ሰውዬ ማንኮራፋት ጀመረ። ሹሙ "ይሄ ነው! ይሄ ነው!" አለ፣ ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፣ ወዲያው አፈረ። ሁለቱ ከረጢቶች ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ በሹሙ እጅ መንገዱን ተሻገሩ። ሹሙ በሕይወቱ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቀለም ቀቢው የተመለሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ክፍላችን መግቢያ ላይ ቆሞ ጫማውን አየ።

"ተኝታለች" አለ። "ትተነፍሳለች። የተወለደችው ሴት ልጅ ናት። እሷንም ትንፋሿን ሰምቻለሁ።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች እትዬ፤ ከወንበሯ አልተነሳችም፣ የምትችል አይመስለኝም።

"እግዜር ይስጥልኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር አሉኝ።"

"ማሽኑ ደህና ነበር" አለች። "እኛ ነን የረሳነው።"

ቀና ብሎ አያት። ቁጣ ፊቱ ላይ ሊቀመጥ ቦታ ሲፈልግ አየሁ። "እኛ ማለት ማን?"

"እኔና አንድ ሽማግሌ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያዘገየናት እኛ ነን።"

አሰበ። ከዚያ፣ ምን እንደ ሰማ እግዜር ይወቅ፣ "ሽማግሌውንም አመስግኚልኝ" ብሎ ወጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረን ወጣን። ፀሐይ ገና አለች፤ መንገዱ ሥራ በሚለቅ ሰው ተሞልቷል። የአውቶቡሱ ፌርማታ ከማዶ ነው። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ቆመች። መኪናዎች ቆመው ሰው ሲያሳልፉ አልተሻገረችም። ደግመው ቆሙ፣ አሁንም አልተሻገረችም።

"ዛሬ ስትፈሪ አየሁሽ" አልኳት። "ከዚያ በላይ የሚፈራ ሰው ያለ አይመስለኝም።"

"ያ እኮ አለፈ" አለች። "አሁን ነው የምፈራው።"

"አሁን ምን አለ?"

"አዲሱን ቃል የሚያውቅ ሰው ስንት ነው?"

ቆጠርኩ። ለመቁጠር ጊዜ አልፈጀብኝም።

"ጽፈሽ ፖስታ ውስጥ..."

"ካዝናው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከኃላፊው ጋር ሄዷል። ነገ ሁለት ሰዓት ይመጣሉ። መሳቢያዬን በሁሉም የቢሮ ቁልፍ ትከፍቺዋለሽ፤ የማነው ቁልፍ የማይከፍተው? ቦርሳዬ ውስጥ ብይዘው አውቶቡሱ ላይ እጅ አለ። የሰው ገመና ነው ያለበት። ለጋሼ ሚስት ልንገር ብዬም አሰብኩ፣ ምን ሊያደርጉት።"

"ለእኔ ንገሪኝ" አልኩ።

አየችኝ። በደግነት ነበር። "አንቺ የሦስት ወር ሰው ነሽ" አለች። "ሕጉም አይፈቅድም። ደግሞ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ያስፈልግሻል። ሁለታችንም ለምን ነቅተን እናድራለን?"

አንድ ታክሲ መሻገሪያውን ሳያቆም በፍጥነት አለፈ። ክንዴን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። ጋሼ ስንት ዓመት እንዲህ እንደ ተሻገሩ አሰብኩ፤ ስንት ጉንፋን፣ ስንት ደረጃ፣ ስንት ታክሲ። ቃሉን ለማንም ሳይነግሩ ጡረታ የወጡት በንፍገት ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ምናልባት አንድ ቀን ፍርሃቱን ለምደውት፣ መያዛቸውንም ረስተውት ይሆናል አልኩ። እሷ ገና አንድ ቀኗ ነው።

"ነገ በጊዜ ነይ" አለችኝ። "ከሁለት ሰዓት በፊት። ምናልባት እኔ..."

አልጨረሰችውም። ክንዴን ለቀቀች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ እንደገና ወደ ግራ አየች፣ መኪናዎቹ በሙሉ ቆመው ሹፌሮቹ እጃቸውን እያወዛወዙ "እለፊ እንጂ" እስኪሏት ጠበቀች። ከዚያ ነጩን መስመር ረግጣ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰው ሲጠጋት ገለል እያለች፣ ቀስ ብላ ወደ ማዶ ሄደች።